ካርታ መቀየር ስንት ያወጣል? የጃክስ ኦር ቤተር ማሽንና የኦአሲስ ፖከር ጠረጴዛ ሲመዘኑ

ሁለት ጥንድ ይዞ አምስተኛዋን ካርታ መቀየር ጃክስ ኦር ቤተር በሚባለው የቪዲዮ ፖከር ማሽን ላይ ሁልጊዜ ትክክል ነው። ያንኑ እጅ ይዞ በኦአሲስ ፖከር ጠረጴዛ ላይ መቀየር ግን ገንዘብ መጣል ነው። ፉል ሃውስ (ሦስት ተመሳሳይና አንድ ጥንድ) የመምጣቱ ዕድል በሁለቱም ቦታ ተቀራራቢ ነው፤ በማሽኑ ከ47 ካርታ 4፣ በጠረጴዛው ከ46 ካርታ 4። የሚለያያቸው ለቅያሬው የሚከፈለው ዋጋ ነው። ማሽኑ በነጻ ይቀይራል፣ ጠረጴዛው ይሸጣል። ግምገማችንም ዕድሉን ከዋጋው ጋር እያጣመረ ይሄዳል።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። የክፍያ ሰሌዳው 9/6 የሆነ፣ ማለትም ለፉል ሃውስ 9፣ ለፍላሽ (አምስቱም አንድ ምልክት) 6 የሚከፍል የጃክስ ኦር ቤተር ማሽን፣ በትክክለኛ አያያዝ ከተጫወቱበት፣ በረጅም ጊዜ ከተወራረዱት 99.54 በመቶውን ይመልሳል። ለቤቱ፣ ማለትም ለካዚኖው፣ የሚቀረው 0.46 በመቶ ብቻ ነው። ኦአሲስ ፖከር ያለ ስህተት ሲጫወቱት ቤቱ ከመነሻው ውርርድ 1 በመቶ ገደማ ያስቀራል። ሁለቱም በካዚኖ ውስጥ ካሉት ብዙ ጨዋታዎች የተሻሉ ናቸው። ነገር ግን ማሽኑ ላይ ስህተት ጥቂት በጥቂት ነው የሚበላው፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ የተሳሳተ ቅያሬ የመነሻውን ውርርድ ግማሽ ይዞ ይሄዳል።

ማሽኑ

ሲርኮማ የተባለው፣ ኋላ አይጂቲ የሆነው የሳይ ሬድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 «ድሮው ፖከር»ን ካወጣ ወዲህ መሠረታዊ አሠራሩ አልተለወጠም። ከ1 እስከ 5 ሳንቲም ይወራረዳሉ፣ አምስት ካርታ ይታደላል፣ የሚፈለጉት ካርታዎች ሥር ያለው የ«ያዝ» ቁልፍ ይጫናል፣ ከዚያ ያልተያዙት ይጣሉና በምትካቸው አዲስ ይመጣል። ቅያሬው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ተቃራኒ ተጫዋች የለም፤ የመጨረሻው እጅ በሰሌዳው መሠረት ይከፈላል። ዝቅተኛው ተከፋይ እጅ የጃክ ጥንድ ነው። ከመጨረሻው ጫና በፊት «ተይዟል» የሚለው ምልክት በትክክለኞቹ ካርታዎች ላይ መብራቱን በዓይን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ያረጀ ቁልፍ አንዳንዴ አይቀበልም፣ ማሽኑም የጣሉትን አይመልስም። ካርታ ራሱ መርጦ የሚይዝ ማሽንም አለ፤ ምርጫው ሁልጊዜ የተሻለው ስላልሆነ እያዩ ማስተካከል ነው።

ስሌቱ የሚያስኬደው ካርታው በእርግጥ እንደ ተበወዘ ካርታ የሚወጣ ከሆነ ነው። የኔቫዳ ደንብ ካርታ የሚያሳይ ማሽን እያንዳንዱን ካርታ ከእውነተኛ ጥቅል በሚመጣበት ዕድል እንዲያወጣ ያስገድዳል። በአንዳንድ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ካዚኖዎች ውስጥ ግን መልካቸው ፖከር፣ ውስጣቸው ቢንጎ የሆኑ ማሽኖች አሉ። ውጤቱ በቢንጎው ስለሚወሰን ካርታው ማስጌጫ ነው፤ ከታች ያለው ቆጠራ በሙሉ እዚያ አይሠራም። መለያው ስክሪኑ ጥግ ላይ የሚታይ ትንሽ የቢንጎ ሰንጠረዥ ነው።

ሰሌዳው ከሁሉም ነገር በፊት መነበብ አለበት። 9/6 ማለት ለአንድ ሳንቲም ፉል ሃውስ 9፣ ፍላሽ 6 ይከፍላል ማለት ነው። ቀሪው በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፦ ስትሬት ፍላሽ (አምስት ተከታታይ፣ ሁሉም በአንድ ምልክት) 50፣ አራት ተመሳሳይ 25፣ ስትሬት (አምስት ተከታታይ) 4፣ ሦስት ተመሳሳይ 3፣ ሁለት ጥንድ 2፣ ከጃክ ጀምሮ ያለ ጥንድ 1። በትክክለኛ ጨዋታ ፉል ሃውስ ከመቶ እጅ 1.15 ጊዜ፣ ፍላሽ 1.10 ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ ቤቱ ከፉል ሃውሱ አንዲት ሳንቲም ሲቀንስ ከመቶው 1.15 ገደማ፣ ከፍላሹ አንዲት ሲቀንስ 1.10 ገደማ ይወስዳል። 8/5 ማሽን 97.30 በመቶ ይመልሳል፣ 7/5 ማሽን 96.15፣ 6/5 ደግሞ 95.00። አራቱ ማሽኖች ጎን ለጎን ቢቆሙ በመልክም በድምፅም አይለዩም። በሰዓት 600 እጅ፣ በእጅ 5 ሳንቲም የሚጫወት ሰው 3000 ሳንቲም ያዞራል፤ 9/6 ላይ በአማካይ ወደ 14 ሳንቲም ይከስራል፣ 8/5 ላይ 81፣ 6/5 ላይ 150። ምንም ያህል ጎበዝ አያያዝ ይህን ልዩነት አይሸፍነውም።

ቆጠራው እንዴት ይሠራል

ከ52ቱ ካርታ አምስቱ ታይተዋል። ያልታዩት 47 ናቸው፤ የተጣሉት ተመልሰው አይገቡም። አንድ ካርታ ሲቀየር 47 ውጤት አለ። ሁለት ሲቀየር 47 በ46 ተባዝቶ ለ2 ይካፈላል፣ 1081 ይመጣል። ሦስት ሲቀየር 16,215፣ አራት ሲቀየር 178,365፣ አምስቱም ሲቀየሩ 1,533,939። የብዙ ሰው ስህተት ለ52 ማካፈል ነው፤ ይህ ዕድሉን አሳንሶ ያሳያል። በጭንቅላት ለማስላት እያንዳንዷ አሟይ ካርታ 2.13 በመቶ ናት ብሎ መያዝ ይበቃል።

በአንድ ካርታ ቅያሬ፣ አራት አንድ ዓይነት ምልክት ይዞ ፍላሽ መሙላት 9/47፣ 19.15 በመቶ ነው። በሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ ስትሬት 8/47፣ 17.02 በመቶ። መሀሉ የጎደለ ስትሬት 4/47፣ 8.51 በመቶ፤ ሁለት ጥንድን ወደ ፉል ሃውስ ማድረስም ልክ ይህንኑ ያህል ነው። ሦስት ተመሳሳይ ይዞ ሁለት ሲቀየር ከ1081 ውጤት 46ቱ አራት ተመሳሳይ፣ 66ቱ ፉል ሃውስ ናቸው፤ በድምሩ 10.36 በመቶ።

ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጥንድ ስለሆነ እሱ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ጥንድ ይዞ ሦስት ሲቀየር ከ16,215 ውጤት 45ቱ አራት ተመሳሳይ፣ 165ቱ ፉል ሃውስ፣ 1854ቱ ሦስት ተመሳሳይ፣ 2592ቱ ሁለት ጥንድ ይሆናሉ። የተቀሩት 11,559 ምንም አይሻሻሉም። የመሻሻል ዕድሉ 28.71 በመቶ ነው ማለት ነው። አሁን እያንዳንዱን በክፍያው እናባዛ። ጥንዱ የኪንግ ከሆነ 45 በ25፣ 165 በ9፣ 1854 በ3፣ 2592 በ2፣ 11,559 በ1 ተደምሮ 24,915 ይሆናል። ለ16,215 ሲካፈል 1.5365 ይመጣል፤ አንድ ሳንቲም ተወራርዶ የኪንግ ጥንድ የደረሰው ሰው እጁ ላይ ያለው ዋጋ ይህ ነው። ጥንዱ የ5 ከሆነ ያልተሻሻለው አይከፈልም፣ ዋጋውም ወደ 0.8237 ይወርዳል።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ትልቁ ትምህርት ከጥንዱ ጋር አንድ ትልቅ ካርታ ስለማቆየት ነው። ሁለት ኪንግ ይዞ ኤሷንም የሚያስቀር ብዙ ነው፣ ትከሻዋ ሰፊ ስለሚመስል። ሁለት ካርታ ብቻ ሲቀየር ሦስት ተመሳሳይ የመምጣቱ ዕድል ከ11.43 ወደ 7.77 በመቶ ይወርዳል። ሁለት ጥንድ በመጠኑ ይጨምራል፤ ጭማሪው ግን ጉድለቱን አይሞላም። ጠቅላላ ዋጋው 1.4163 ነው፤ ከእያንዳንዱ ሳንቲም 12 መቶኛ ጠፋ። በማሽን ላይ ከሚሠሩ ስህተቶች ይህን ያህል የተለመደና ይህን ያህል ውድ የሆነ ጥቂት ነው።

ሁለት አማራጭ በአንድ እጅ ውስጥ ሲጋጩ ዋጋቸውን ማነጻጸር ነው። የኪንግ ጥንድና አራት ልብ አብረው ቢመጡ፣ ፍላሹን መከተል ወደ 1.19 ያወጣል፤ ጥንዱ 1.54 ስለሆነ ጥንዱ ይያዛል። ጥንዱ የ5 ከሆነ ግን ፍላሹ፣ ትልቅ ካርታ ባይኖርበትም፣ 54/47 ወይም 1.15 ስለሆነ ጥንዱ ይጣላል። ትንሽ ጥንድ ከክፍት ስትሬት ጋር ሲመጣ ውሳኔው ይገለበጣል፤ ስትሬቱ 32/47 ወይም 0.68 ብቻ ነው፣ ጥንዱ ይበልጣል። ከዚህ የሚወጣው አንድ እጅ 10፣ ጃክ፣ ኩዊን፣ ኪንግ ነው። ስትሬቱ ባይሞላም ከሦስቱ አንዷ ጥንድ ልትሆን ስለምትችል 41/47 ወይም 0.87 ያወጣል፣ ስለዚህ የ10 ጥንድ ይፈርስለታል። መሀሉ የጎደለ ስትሬት ትልቅ ካርታ ከሌለው 16/47፣ 0.34 ነው። አምስቱንም ጥሎ አዲስ መቀበል 0.36 ገደማ ያወጣል። አራት ተከታታይ የሚመስል እጅን ሙሉ በሙሉ መጣል ለዓይን ይከብዳል፤ ቁጥሩ ግን እንዲህ ነው።

ሮያል ፍላሽ (ከ10 እስከ ኤስ በአንድ ምልክት) ሌላ ዓለም ነው። አምስት ሳንቲም የተወራረደ 4000 ያገኛል፣ በሳንቲም 800። ከ1 እስከ 4 የተወራረደ በሳንቲም 250 ብቻ። 10፣ ጃክ፣ ኩዊን፣ ኪንግ ሁሉም ስፔድ ሆነው አምስተኛዋ የልብ ኪንግ ብትሆን፣ የኪንጉን ጥንድ አፍርሶ አንድ ካርታ መቀየር በአምስት ሳንቲም ጨዋታ 924/47፣ ማለትም 19.66 ያወጣል። በአንድ ሳንቲም ጨዋታ ደግሞ 374/47፣ 7.96። ለዚህ ሲባል የተሠራ ፍላሽ ወይም ስትሬት እንኳ ይፈርሳል። የማይፈርሰው የተሠራ ስትሬት ፍላሽ ነው፤ 50 በእጅ ነው። በትክክለኛ ጨዋታ ሮያል የሚመጣው በአማካይ በ40,391 እጅ አንዴ ነው፤ ከ99.54ቱ ወደ 2 በመቶ የሚጠጋው ከእሱ ብቻ ይመጣል። አቅም ካልፈቀደ የሳንቲሙን መጠን ዝቅ አድርጎ አምስቱን መጫወት ከትልቅ ሳንቲም አንዷን ከመጫወት ይሻላል።

በአንድ ምሽት ውጤት ማሽኑን መገምገም ግን ከንቱ ነው። የአንድ እጅ መዋዠቅ ከውርርዱ 4.42 እጥፍ ገደማ ነው፤ በ600 እጅ ወደ 108 ውርርድ ወይም 540 ሳንቲም ይደርሳል። ከ14 ሳንቲም አማካይ ኪሳራ ጋር ይነጻጸር። «ይህ ማሽን ይሰጣል» የሚባለው ወሬ በዚህ ጭጋግ ውስጥ የተወለደ ነው።

ስለ ማስያ መተግበሪያዎች ባጭሩ። አምስት ካርታና የክፍያ ሰሌዳ ተቀብለው የተሻለውን አያያዝ የሚነግሩ ብዙ አሉ፣ ጥራታቸው ግን እኩል አይደለም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ 9/6 ሰሌዳ ሞልቶ ሁለት ኪንግና ሦስት የማይገናኙ ትንንሽ ካርታዎች ማስገባት። ለጥንዱ 1.5365 ካላለ ወይ ሰሌዳው ተሳስቷል ወይ ማስያው ይገምታል እንጂ አይቆጥርም። ሰሌዳ መቀየር የማይፈቅድ ማስያ ከመጀመሪያው መተው አለበት፤ የአንዱ ጨዋታ አያያዝ ለሌላው አያገለግልምና። ለምሳሌ 2 ቁጥሮች ማንኛውንም ካርታ በሚተኩበት በዲውስስ ዋይልድ፣ ፉል ሃውስ 3 ብቻ በሚከፍለው ሰሌዳ ሁለት ጥንድ መያዝ 24/47 ወይም 0.51 ሲያወጣ፣ አንዱን ጥንድ ጥሎ ሦስት ካርታ መቀየር ወደ 0.56 ያወጣል። ይህ ሰሌዳ ሙሉ በሙሉ ሲከፍል ተመላሹ 100.76 በመቶ ስለሆነ ማግኘቱ ራሱ አስቸጋሪ ነው።

ጠረጴዛው

ኦአሲስ ፖከር ቅያሬ የሌለበት የካሪቢያን ስታድ ጨዋታ ዘመድ ነው። አንቲ የሚባለውን መነሻ ውርርድ ተጫዋቹ ያስቀምጣል፣ አምስት ካርታ ይታደለዋል፣ ካርታ ከሚያድለው የቤቱ ሰው አምስት ካርታ አንዷ ተገልጣ ትታያለች። ከዚያ ወይ እጁን ጥሎ አንቲውን ያጣል፣ ወይ የአንቲውን ሁለት እጥፍ ጨምሮ ይገጥማል። ቤቱ ቢያንስ ኤስና ኪንግ ከሌለው እጁ አይቆጠርም፤ ተጫዋቹ በአንቲው አንድ ለአንድ ይከፈላል፣ ጭማሪው ሳይነካ ይመለሳል። ቤቱ የሚቆጠር እጅ የሚያገኘው 56.3 በመቶ ጊዜ ነው። ቤቱ ተቆጥሮ ከተሸነፈ አንቲው አንድ ለአንድ፣ ጭማሪው ደግሞ እንደ ተጫዋቹ እጅ ይከፈላል፦ ጥንድና ከዚያ በታች 1 እጥፍ፣ ሁለት ጥንድ 2፣ ሦስት ተመሳሳይ 3፣ ስትሬት 4፣ ፍላሽ 5፣ ፉል ሃውስ 7፣ አራት ተመሳሳይ 20፣ ስትሬት ፍላሽ 50፣ ሮያል 100።

ኦአሲስን የሚለየው ቅያሬው ነው። የተለመደው ዋጋ ለአንድ ካርታ 1 አንቲ፣ ለሁለት 2፣ ለሦስት 3፣ ለአራት 2፣ ለአምስቱም 1 ነው። የተከፈለው ቢያሸንፉም አይመለስም። ያልታዩት ካርታዎች እዚህ 46 ናቸው፣ የቤቱ አንዷ ስለተገለጠች።

ስሌቱን በግምት እንሥራው፤ ካልተሳካ እጁ ይጣላል፣ በመሀል የሚመጣ ጥንድ የሚያስገኘውን ጥቂት ጥቅም እንተወው። ፍላሽ ከተሞላ፣ ቤቱ ሲቆጠር 11 አንቲ፣ ሳይቆጠር 1 አንቲ ይገኛል፤ አማካዩ 6.6 ገደማ። የመሙላት ዕድሉ 9/46፣ 19.57 በመቶ። ተባዝቶ 1.3 ይሆናል፤ ከዚህ ላይ ባልተሳካበት የሚጠፋው 0.8ና የቅያሬው 1 ይቀነሳል። ውጤቱ 0.5 አንቲ ኪሳራ ነው። ኪሳራ መሆኑ አያስደነግጥ፤ ሳይቀይሩ መጣል ሙሉ 1 አንቲ ያስከስራልና መቀየሩ ይሻላል። ክፍት ስትሬት በዚሁ ስሌት 0.87 ያህል ያስከስራል፣ ከመጣል ጥቂት ይሻላል። መሀሉ የጎደለ ስትሬት ግን 1.4 አንቲ ያስከስራል፤ እሱን መጣል ነው።

የተገለጠችው ካርታ እዚህ ላይ ዋጋ አላት። ፍላሹ የሚጠብቀው ምልክት ከሆነች አሟዮቹ 8 ይሆናሉ፣ ቅያሬው ግን አሁንም ያዋጣል። ስትሬቱን ከሚሞሉት አንዷ ከሆነች 7 ይቀራሉ፤ ኪሳራው 1.01 ይደርሳል፣ ከመጣል አይለይም። ኤስ ወይም ኪንግ ከተገለጠች ቤቱ የመቆጠሩ ዕድል ይጨምራል፤ ሞልቶ ለሚያገኝ ይህ መልካም ዜና ነው፣ ትልቁ ክፍያ የሚመጣው ቤቱ ሲቆጠር ብቻ ስለሆነ።

ተከፋይ እጅ ይዞ መቀየር ግን የጠረጴዛው ወጥመድ ነው። ሁለት ጥንድ ይዞ አንድ ካርታ የሚገዛ ሰው 8.7 በመቶ ዕድል አለው። ፉል ሃውስ ከመጣ ትርፉ 10 አንቲ ይጨምራል፣ እሱም ቤቱ ከተቆጠረ ነው። ሁሉም ተባዝቶ 0.49 አንቲ፤ የተከፈለው 1። ሦስት ተመሳሳይ ይዞ ሁለት መቀየር በአማካይ 1.1 ያስገኛል፣ ዋጋው ግን 2 ነው። አንዷን ብቻ መቀየርም 0.7 ለ1 ነው። ጥንድ ይዞ በ3 አንቲ ሦስት ካርታ መግዛት ከሁሉም የከፋ ነው።

አምስቱንም በ1 አንቲ መቀየር ርካሽ ይመስላል፣ ብዙዎችም ባዶ እጅ ሲደርሳቸው ይወዱታል። አዲስ አምስት ካርታ ማለት አዲስ የካሪቢያን ስታድ እጅ ነው፤ የዚያ ጨዋታ አማካይ ኪሳራ ከአንቲው 5.2 በመቶ ስለሆነ፣ ቅያሬው ሲደመር 1.05 አንቲ ገደማ ይጠፋል። መጣል 1። ልዩነቱ ጠባብ ነው፣ ግን ለሁለት አንቲ ተጨማሪ አደጋ የሚጋብዝ ቅያሬ ነው።

ከመቀመጥ በፊት ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈው የክፍያ ጣሪያ መነበብ አለበት። ክፍያው በጭማሪው ላይ ስለሚሰላ አራት ተመሳሳይ 40 አንቲ፣ ስትሬት ፍላሽ 100፣ ሮያል 200 አንቲ ይከፍላል። ጣሪያው 4000 ከሆነ ሮያልን ሙሉ በሙሉ ለመከፈል አንቲው ከ20 መብለጥ የለበትም፣ ስትሬት ፍላሽን ለመከፈል ከ40፣ አራት ተመሳሳይን ለመከፈል ከ100። አንቲው ከዚህ ካለፈ ትርፉ ይቆረጣል፣ የቅያሬው ዋጋ ግን ከአንቲው ጋር እኩል ማደጉን ይቀጥላል።